የወለዱት ልጆች ብዛትና የጉልበት ሕመም፦ በሁለት የሕክምና ክፍሎች መካከል የጠፋው ጥያቄ

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ካላችሁ ከፊት ረድፍ ባዶ ወንበር አለ፤ ስለ ጉልበት በሚወራበት አዳራሽ ሰው ቆሞ ሳይ ደስ አይለኝም።

አንዲት ሴት በሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ ጉልበቷን አሟት ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ የምትጠየቀው ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው። «ዕድሜዎ ስንት ነው? ወድቀው ያውቃሉ? ጠዋት ሲነሡ ይይዝዎታል? ደረጃ ሲወርዱ ይብስብዎታል?» ክብደቷ ይለካል፣ ምናልባትም ራጅ ትነሣለች። «ስንት ልጅ ወልደዋል?» የሚላት ግን ብዙ ጊዜ የለም። ይህ የማሕፀንና ጽንስ ክፍል ጥያቄ ተደርጎ ነው የሚታየው። በሌላው ጫፍ ደግሞ ገና የወለደች ሴት ለክትትል ስትመጣ ስለ ደም መፍሰሷ፣ ስለ ጡቷ፣ ስለ ቁስሏ፣ ስለ ስሜቷ ትጠየቃለች፤ ጉልበቷን የሚያነሣባት የለም። በሁለቱ ክፍሎች መካከል 25 ወይም 30 ዓመት አለ። የዛሬው ንግግሬ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ስለሚሆነው ነገር ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ። የወሊድ ቁጥርና የጉልበት መጎዳት እንደሚያያዙ ያሳዩ ትልልቅ ጥናቶች አሉ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ዝምድናው ግን ሰው ሲሰማው እንደሚደነግጠው ያህል አይደለም። ደግሞም ትልቁን ድርሻ የሚይዘው እርግዝናው ራሱ ሳይሆን ከየወሊዱ በኋላ ሰውነት ወደ ቀድሞ አቅሙ ሳይመለስ መቅረቱ ይመስለኛል። «ይመስለኛል» ያልኩት አውቄ ነው። የተረጋገጠውን ከራሴ ግምት እየለየሁ ልሂድ።

በሽታው ኦስቲዮአርትራይተስ ይባላል፤ ከመገጣጠሚያ ሕመሞች ሁሉ በብዛት የሚገኘው እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 528 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ነበረባቸው፤ ከ1990 ወዲህ ቁጥሩ ከእጥፍ በላይ አድጓል። (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከሁሉም መገጣጠሚያዎች በላይ የሚጠቃው ጉልበት ነው፤ 365 ሚሊዮን ሰዎች ጉልበታቸውን ነው የሚታመሙት። ከታማሚዎቹ ደግሞ 60 በመቶ ያህሉ ሴቶች ናቸው።

ብዙ ሰው ይህን በሽታ የሚያውቀው «ልም አጥንቱ አለቀ» በሚል አነጋገር ነው። አነጋገሩ ውሸት አይደለም፤ ግን ጎደሎ ነው። ልም አጥንት የጭንና የቅልጥም አጥንቶች ጫፍ ላይ የተነጠፈ ለስላሳ ሽፋን ነው። የደም ሥር የለውም፣ ነርቭም የለውም። ምግቡን የሚያገኘው በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ሲሆን፣ ስንራመድ እንደ ስፖንጅ እየተጨመቀና እየተለቀቀ ይመጥጠዋል። ስለዚህ ጉልበትን ጨርሶ አለማንቀሳቀስ ጉልበትን ማሳረፍ አይደለም፤ ልም አጥንቱን ማስራብ ነው። ነርቭ ስለሌለው ደግሞ ሲሳሳ አይናገርም። ሕመሙ የሚሰማን ከሥሩ ያለው አጥንት፣ የመገጣጠሚያው ውስጠኛ ሽፋንና በዙሪያው ያሉት ክፍሎች ሲቆጡ ነው። ለዚህም ነው ራጁ ክፉኛ የተጎዳ ጉልበት እያሳየ ምንም የማያማት ሴት፣ ራጁ ንጹሕ ሆኖ ደረጃ መውረድ የሚያቅታት ሴት የምናገኘው።

ስለ ልም አጥንት አንድ ነገር ልጨምር፤ ለዛሬው ጉዳያችን ቁልፍ ነውና። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተደረጉት የኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች በከባቢ አየር ውስጥ ያለውን ካርቦን 14 የተባለ ጨረር አመንጪ የካርቦን ዓይነት ከፍ አድርገውት ነበር። በ2016 የታተመ የዴንማርክ ተመራማሪዎች ጥናት ይህን አሻራ ተጠቅሞ የሰው የጉልበት ልም አጥንት ዋና ማገር የሆነው ኮላጅን መቼ እንደተሠራ ለካ። ውጤቱ ዕድገት ካበቃ በኋላ ይህ ኮላጅን ከሞላ ጎደል እንደማይታደስ አሳየ። በሌላ አነጋገር አንዲት ሴት በ60 ዓመቷ የምትራመደው በጉርምስናዋ በተሠራ ማገር ነው፤ በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜዋ ያሳለፈችውን እርግዝና ሁሉ የተሸከመው ያው ማገር ነው። የጉልበትን ነገር ከ50 ዓመት በኋላ ብቻ ማሰብ የማይበቃው ለዚህ ነው።

ወደ ጥናቶቹ ልሻገር። ከሁሉም የሚበልጠው በብሪታንያ የተካሄደው የሚሊዮን ሴቶች ጥናት ነው። ከ1996 እስከ 2001 ለጡት ምርመራ የተጠሩ ሴቶችን መዝግቦ የተከታተለ ሲሆን፣ በ2009 የታተመው ክፍሉ 1.3 ሚሊዮን ሴቶችን ይዞ በኦስቲዮአርትራይተስ ምክንያት ዳሌያቸው ወይም ጉልበታቸው በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ የተተካላቸውን ቆጠረ። በእያንዳንዱ ወሊድ የጉልበት ቅየራ ዕድል በ8 በመቶ ሲጨምር የዳሌው በ2 በመቶ ብቻ ጨመረ። የወር አበባቸው በ11 ዓመታቸው ወይም ከዚያ በፊት የመጣ ሴቶችም የጉልበት ቅየራ ዕድላቸው በ15 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

ለእኔ ከእነዚህ አኃዞች ሁሉ የሚያስገርመኝ በጉልበትና በዳሌ መካከል ያለው ልዩነት ነው። እርግዝና መላውን አካል በሆርሞን የሚያጥለቀልቅ ከሆነ፣ ክብደቱም በሁለቱም መገጣጠሚያዎች ላይ የሚያርፍ ከሆነ፣ ዳሌው ለምን ይህን ያህል ተረፈ? ጥልቅ በሆነ ጎድጓዳ ውስጥ የተቀመጠው ዳሌ በአሠራሩ የረጋ ነው። ጉልበት ግን በሁለት ረጃጅም አጥንቶች መካከል ያለ፣ መረጋጋቱን ከጅማትና ከጡንቻ የሚለምን መገጣጠሚያ ነው። ጡንቻው ሲደክም የሚከፍለው ጉልበት ነው። ከመጠን ያለፈ ክብደትም ከዳሌ ይልቅ ጉልበትን እንደሚጎዳ በሌሎች ጥናቶች የታወቀ ነው። ልዩነቱ ለእኔ ጥሩ ፍንጭ ሆኖ ይታየኛል።

ሁለተኛው ጥናት በአሜሪካ፣ በአዮዋና በአላባማ ግዛቶች የተካሄደና በ2013 የታተመ ነው። የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ያለባቸውን ወይም ለበሽታው የተጋለጡ ከ50 እስከ 79 ዓመት የሆኑ ሴቶችን ለ30 ወራት ተከታተለ። አንድ ልጅ ከወለዱት ጋር ሲነጻጸሩ አራት የወለዱት ጉልበታቸው የመቀየሩ ዕድል 2.7 እጥፍ፣ አምስትና ከዚያ በላይ የወለዱት 2.6 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ይህን የሰማ ሰው «8 በመቶ ነው ያልከን፤ አሁን ደግሞ ከሁለት እጥፍ በላይ?» ብሎ ቢጠይቀኝ ትክክል ነው። መልሱ ከጥናቱ ስፋት ላይ ነው። የአሜሪካው ጥናት በንጽጽር ትንሽ ስለሆነ ያ 2.7 እጥፍ የተባለው እውነተኛ ዋጋው በሰፊ ክልል ውስጥ በየትኛውም ቦታ ሊሆን ይችላል። እንዲህ የሰፋ ክልል ያለውን ቁጥር ይዞ ሴቶችን ማስፈራራት ተገቢ አይደለም። አቅጣጫው ግን ከብሪታንያው ጋር አንድ ነው። በአውስትራሊያዋ ታዝማኒያ ደሴት ከ50 እስከ 80 ዓመት ያሉ ሴቶችን ጉልበት ኤምአርአይ በሚባለው የምስል ምርመራ ያየ ጥናትም ብዙ የወለዱት የልም አጥንታቸው መጠን አንሶ አግኝቷል።

ሁሉም ጥናት አልተስማማም። ከኖርዌይ የመጣ፣ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶችን የያዘና ከአገሪቱ የመገጣጠሚያ ቅየራ መዝገብ ጋር የተገናኘ ጥናት በወሊድ ብዛትና በጉልበት ቅየራ መካከል ዝምድና አላገኘም፤ የወር አበባ ቀድሞ መምጣትን ግን እንደ ብሪታንያው አገኘው። ይህን የምነግራችሁ ነገሩን ላቀልለው ፈልጌ አይደለም። ዝምድናው ከአገር አገር የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ጉዳቱ ከእርግዝናው ተፈጥሮ ይልቅ ከእርግዝና በኋላ ባለው ኑሮና እንክብካቤ ላይ ሊንጠለጠል ይችላል ማለት ነው። እርግጠኛ የምሆንበት አይደለም፤ ግን የምጠረጥረው ነው።

እንግዲህ በምን መንገድ? በብዛት የሚነገረው ስለ ሪላክሲን ነው። ይህ ሆርሞን በ1926 በፍሬድሪክ ሂሳው የተገኘ ሲሆን የዳሌ አጥንቶችን መገናኛ በማላላት ይታወቃል። በየመጽሔቱ «በእርግዝና ጊዜ ሪላክሲን ጅማቶችን ሁሉ ስለሚያላላ ጉልበት ይጎዳል» ተብሎ ታነባላችሁ። ታሪኩ ያምራል፤ ማስረጃው ግን ያን ያህል አይከተለውም። በደም ውስጥ ያለው ሪላክሲን ከፍ የሚለው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው፤ ጅማት በግልጽ የሚላላው ግን ዘግየት ብሎ ነው። ነፍሰ ጡሮችን ለክተው ያነጻጸሩ ተመራማሪዎችም የመገጣጠሚያ መላላትና የደም ሪላክሲን መጠን አብረው ሲሄዱ አላገኙም። መላላቱ አለ፣ ብዙውም ከወሊድ በኋላ ይመለሳል። ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ሆርሞን ላይ መደፍደፍ ግን አያስኬድም።

ሳይመለስ የሚቀር ነገር ከፈለጋችሁ እግር ላይ አለ። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት 49 ነፍሰ ጡሮችን ከእርግዝና መጀመሪያ አንሥቶ ከወለዱ ወራት በኋላ ድረስ እግራቸውን ለካ። የውስጠ እግራቸው ቅስት ዝቅ አለ፣ እግራቸውም ረዘመ። ለውጡ ከወሊድ በኋላም አልተመለሰም፤ አብዛኛው የመጣውም በመጀመሪያው እርግዝና ነው። ከወለድኩ በኋላ ጫማዬ ጠበበኝ የምትል ሴት አልተሳሳተችም። ቅስቱ ሲወርድ ቅልጥም በትንሹ ወደ ውስጥ ይዞራል፤ ጉልበቱም ክብደት የሚቀበልበት አቅጣጫ ይለወጣል። ይህ ብቻውን ከዓመታት በኋላ በሽታ ያመጣል ማለት አልችልም። ሰንሰለቱ ግን ከእግር ጣት እስከ ዳሌ የተያያዘ ስለሆነ አንዱ ሲነካ ሌላው መነካቱ አይቀርም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔ ጊዜዬን የምሰጠው ለክብደትና ለጡንቻ ነው።

በእርግዝና ክብደት መጨመር ጤናማና አስፈላጊ ነው። የአሜሪካ የሕክምና ተቋም በ2009 ባወጣው መመሪያ መሠረት ከእርግዝና በፊት መካከለኛ ክብደት ለነበራት ሴት ተገቢው ጭማሪ ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ ነው፤ ከመጀመሪያውም ከመጠን ያለፈ ውፍረት ለነበራት ከ5 እስከ 9 ኪሎ። ይህ ጉልበት ላይ ሲያርፍ ስንት ይሆናል? በርሊን ውስጥ ያሉ መሐንዲሶችና ሐኪሞች መለኪያ የተገጠመለት ሰው ሠራሽ ጉልበት ለታማሚዎች አስገብተው በውስጡ የሚያልፈውን ኃይል በቀጥታ ለክተዋል። በሜዳ ላይ ስንራመድ ጉልበት የሰውነታችንን ክብደት 2.6 ጊዜ ያህል ይሸከማል፤ ደረጃ ስንወርድ ወደ 3.5 ጊዜ ይጠጋል። ስለዚህ 12 ኪሎ ጭማሪ በእያንዳንዱ እርምጃ ከ30 ኪሎ በላይ፣ ደረጃ ላይ ከ40 ኪሎ በላይ ነው።

ዘጠኝ ወር ግን አጭር ነው። ጤነኛ ጉልበት ይህን ጭነት ይችለዋል፤ እኔን የሚያሳስበኝ እርግዝናው ካለፈ በኋላ የሚቀረው ኪሎ ነው። ብዙ ሴቶች ከወለዱ ከአንድ ዓመት በኋላ ከእርግዝና በፊት ከነበሩበት ትንሽ ከፍ ብለው ይገኛሉ። አንዳንዶቹ ላይ 5 ኪሎና ከዚያ በላይ ይቀራል። ቀጣዩ እርግዝና የሚጀምረው ከዚያ ላይ ነው። ሦስትና አራት ጊዜ እንዲህ ሲደራረብ ሴትየዋ 45 ዓመት ሲሞላት ጉልበቷ ለ20 ዓመት ያህል ተጨማሪ 10 ወይም 15 ኪሎ ሲሸከም ኖሯል። ስብ ደግሞ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ጭነት አይደለም፤ የአካል ክፍሎችን መቆጣት የሚያባብሱ ኬሚካሎችን ወደ ደም ይለቃል። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባቸው ሰዎች የእጅ ጣት ኦስቲዮአርትራይተስም የሚበዛባቸው ለዚህ ይመስላል፤ በጣቱ የሚራመድ ሰው የለምና።

ጡንቻን በተመለከተ፣ የጭን ፊት ጡንቻ የጉልበት ዋናው ጠባቂ ነው። ይህ ጡንቻ የደከመባቸው ሴቶች ውለው አድረው የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ እንደሚበዛባቸው በተደጋጋሚ ታይቷል። አሁን የወለደችን ሴት አስቡ። በእርግዝናው መጨረሻ እንቅስቃሴዋ ቀንሷል። ከወለደች በኋላ እንቅልፍ የላትም። የሆድ ጡንቻዋ ተለጥጧል፣ የዳሌዋ ወለል፣ ማለትም ማሕፀንና ፊኛን ከሥር የሚደግፈው ጡንቻ፣ ደክሟል። በዚህ አቅሟ ላይ ከቀን ወደ ቀን እየከበደ የሚሄድ ሕፃን ከወለል ታነሣለች፣ ትንበረከካለች፣ ቁጢጥ ትላለች። ለረጅም ሰዓት ቁጢጥ ማለትና መንበርከክ ለጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ እንደሚያጋልጥ ከሠራተኞች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ይታወቃል። በሠራተኛ ላይ ሲሆን የሥራ ጉዳት ብለን እንመዘግበዋለን፤ እናት ላይ ሲሆን ስም አይሰጠውም።

ከዚህ ላይ አንድ የምርምር ብልሃት ላንሣ። ጉዳቱ ከእርግዝና ይሁን ከልጅ ማሳደግ ለመለየት አባቶችን ማየት ነው። አባት አያረግዝም፤ ልጆች ያሉበትን ኑሮ ግን ይኖራል። በልብ ሕመም ላይ በብሪታንያ ይህ ተሞክሮ በ2003 ታትሟል፤ ከሁለት ልጅ በላይ ባላቸው ላይ የልጅ ቁጥር ሲጨምር የልብ ሕመምም የሚጨምረው በእናቶች ብቻ ሳይሆን በአባቶችም ሆኖ ተገኘ፤ በእናቶች ላይ ግን ይበልጥ ነበር። ስለዚህ የተወሰነው ክፍል ከኑሮ ነው፤ የተረፈው ከእርግዝና ሊሆን ይችላል። ስለ ጉልበት የሚቀርብልኝን ማንኛውንም ቁጥር እኔ የማነበው ይህን በአእምሮዬ ይዤ ነው።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ያው የሚሊዮን ሴቶች ጥናት ከማረጥ በኋላ ሆርሞን የሚወስዱ ሴቶች የጉልበት ቅየራቸው በ58 በመቶ እንደሚበልጥ አግኝቶ ነበር። በአሜሪካ ግን ሴቶች በዕጣ ለሆርሞንና ለማስመሰያ ክኒን በተመደቡበት ትልቅ ሙከራ ይህ ጭማሪ አልታየም። ሐኪም ዘንድ አዘውትራ የምትሄድ ሴት ሆርሞንም ቀዶ ሕክምናም የማግኘት ዕድሏ ሰፊ ነው፤ ክኒኑ ጉልበቷን ጎድቶ ላይሆን ይችላል። እርግዝናን በዕጣ ማደል ደግሞ አይቻልም። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ የመጨረሻውን ማረጋገጫ የሚሰጥ ሙከራ አይመጣም፤ ባለን ማስረጃ መወሰን አለብን።

የ8 በመቶን ነገር ወደ ሰው ቋንቋ ላምጣው። ሦስት ጊዜ ለወለደች ሴት ጭማሪው 26 በመቶ ገደማ፣ አምስት ጊዜ ለወለደች 47 በመቶ ገደማ ይመጣል። ያስፈራል? ለማስላት ያህል፣ ካልወለዱ 100 ሴቶች መካከል አሥሩ በዕድሜያቸው ውስጥ ጉልበታቸውን ይቀይራሉ እንበል። ሦስት የወለዱ 100 ሴቶች ቢሆኑ አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ሦስት ይሆናሉ ማለት ነው። የቀሩት ሰማንያ ሰባቱ ወይም ሰማንያ ስምንቱ አይቀይሩም። የፈለገችውን ያህል ልጅ የወለደች ሴት በጉልበቷ ምክንያት ልትጸጸት የምትችልበት ቁጥር አይደለም። በአንድ ሀገር ጤና ላይ ለሚያቅድ ሰው ግን ከመቶው ሁለትና ሦስት ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው የድህረ ወሊድ መመሪያ እናት ከወለደች በኋላ ቢያንስ ሦስት ተጨማሪ ጊዜ እንድትታይ ይመክራል፤ የመጨረሻው በስድስተኛው ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላ ክትትሉ ወደ ሕፃኑ ይዞራል፤ የእናትየዋ ጡንቻ መመለስ፣ የክብደቷም ነገር ጎልቶ መታየት የሚጀምረው ግን ከዚያ ወዲህ ነው። ሕፃኑ ለክትባት ሲመጣ እናቱ አብራ ናት። ሚዛኑም እዚያው አለ። «ከእርግዝና በፊት ስንት ነበርሽ? ከወንበር ሳትደገፊ ትነሻለሽ? ደረጃ ስትወርጂ ጉልበትሽ ይሰማሻል?» ብሎ መጠየቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ይህ የእኔ ሐሳብ ነው፤ ከማንም መመሪያ የቀዳሁት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለብን። የወለደች የ28 ዓመት ሴት ጉልበቷን ቢያማት ኦስቲዮአርትራይተስ ነው ማለት አይደለም። በዚያ ዕድሜ በብዛት የሚያመው የጉልበት ሎሚ ዙሪያ ነው፤ ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ፣ ቁጢጥ ስትል፣ ብዙ ተቀምጣ ስትነሣ። የጭንና የመቀመጫ ጡንቻን ማጠንከር አብዛኛውን ጊዜ ያሻሽለዋል። ጉልበቷ ያበጠ፣ የጋለ፣ የሚቆለፍ፣ ወይም ከትኩሳት ጋር የመጣ ከሆነ ግን ሳትዘገይ ሐኪም ዘንድ ትሂድ። ባቷ አብጦ ካመማት በዚያው ቀን ትታይ፤ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ነው።

ስለ እንቅስቃሴ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የ2020 መመሪያ የሚከለክል የጤና ምክንያት ለሌላቸው ነፍሰ ጡሮችና ወላዶች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ይበቃል። በላዩ ላይ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ ዝቅ ያለ ደረጃ ላይ መውጣትና መውረድ፣ ተረከዝ ማንሣት ይጨመርበት። በቀዶ ሕክምና የወለደች ወይም የዳሌ ወለሏ የተጎዳ ሴት ከሐኪሟ ወይም ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋር ተማክራ ቀስ ብላ ትጀምር።

ስለ መድኃኒትም አንድ ቃል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክን የመሳሰሉ ማስታገሻዎችን ነፍሰ ጡር ከ20ኛው ሳምንት ወዲህ እንዳትወስድ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2020 አስጠንቅቋል፤ የጽንሱን ኩላሊት ሊጎዱና የሽርት ውሃውን ሊያሳንሱ ስለሚችሉ ነው። ጉልበት አመመኝ ብሎ ከመደርደሪያ አንሥቶ መዋጥ በእርግዝና ጊዜ አይሆንም፤ ለሚቀባውም ቢሆን ሐኪም ይጠየቅ።

ጥያቄዎቻችሁን በጽሑፍ ሰብስበውልኛል። ብዙዎቹ አንድ ናቸው፤ አንዷ እናት እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦ «የወለድኩት ከ30 ዓመት በፊት ነው። ያኔ ይህን የነገረኝ የለም። አሁን ምን ይጠቅመኛል?»

እናቴ፣ በዚህ ላይ ያለን ማስረጃ ከሁሉም የሚበልጠው ነው። በአሜሪካ ፍራሚንግሃም ከተማ ለአሥርት ዓመታት በተካሄደው ጥናት በ1992 የታተመ ውጤት አለ፤ በአሥር ዓመት ውስጥ 5 ኪሎ ያህል የቀነሱ ሴቶች ሕመም ያለው የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ የመያዝ ዕድላቸው ከግማሽ በላይ ቀንሷል። አሥር ኪሎ ወይም ሃያ አላልኩም፤ አምስት ኪሎ ነው። በሽታው ለጀመራቸው ደግሞ በ2005 የታተመ ጥናት እያንዳንዱ የቀነሰ ኪሎ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና እንደሚያነሣ ለክቷል።

የብሪታንያው የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2022 ያሳተመው መመሪያም ለጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ያስቀደመው የሰውነት እንቅስቃሴን ነው፤ ክብደት ለበዛበት ሰው ክብደት መቀነስን ያክልበታል፤ ከመድኃኒት የሚቀባውን ያስቀድማል። ዕድሜዎ 45 ካለፈ፣ ሕመሙ ሲንቀሳቀሱ የሚመጣ ከሆነና የጠዋቱ መያዝ ከ30 ደቂቃ የማይበልጥ ከሆነ በሽታውን ለመለየት ራጅ እንኳ ግድ እንዳልሆነ ይኸው መመሪያ ይናገራል። ስለዚህ ራጅ ስላልተነሣሁ ብለው እንቅስቃሴውን አያቆዩት።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ሊያምዎ ይችላል፤ ያ ሕመም ልም አጥንትዎ እየተፋቀ ነው ማለት አይደለም። በማግሥቱ ከተለመደው ካልባሰ ይቀጥሉ፣ ከባሰ መጠኑን ይቀንሱ እንጂ አይተዉት። ለውጡ የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ሐኪምዎ ዘንድ ሲቀርቡም ባይጠየቁ እንኳ ስንት ጊዜ እንደወለዱ፣ ከየትኛው ወሊድ በኋላ ክብደትዎ እንዳልተመለሰ፣ ጉልበትዎ መጀመሪያ የተሰማዎት መቼ እንደሆነ ይንገሯቸው።